ዕድሜና መሪ፦ የለማጅ ነጂ ሕግ ታሪክ ከወረታ መገናኛ ሲታይ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር በግራና በቀኙ ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ ሜዳ ይቀበለዋል። ይህም የፎገራ ሜዳ ነው። በስተምዕራብ የጣና ሐይቅ፣ በስተምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና የሚያወጣው ደጋ ያዋስኑታል፤ ጉማራና ርብም በየክረምቱ ከደጋው አፈር ተሸክመው እየወረዱ ያለብሱታል። ወረታ በዚህ ሜዳ ላይ ከባሕር ዳር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመገናኛ ከተማ ናት። ከእርሷ አንደኛው መንገድ የርብን ድልድይ ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው በዓለም በር አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣና እስከ ወልድያ ይዘልቃል።

መንገድ በሚገናኝበት ስፍራ ሁሉ ሾፌር አለ፤ ሾፌር ባለበትም ሾፌር ለመሆን የሚመኝ ወጣት አይጠፋም። በመሆኑም «መሪ ለመጨበጥ ዕድሜው የደረሰ ማን ነው? ለማጅስ በማን እጅ፣ በየትኛው መንገድ ላይ ይልመድ?» የሚለው ጥያቄ በወረታ የመናኸሪያና የገበያ ጥያቄ ጭምር ሆኖ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ በአገራችን ሕግ እንዴት እንደ ተመለሰ፣ መልሱም በፎገራ ሜዳ ላይ ምን መልክ እንደ ያዘ በአጭሩ መመልከት ነው።

ሕግ ያልቀደመው መኪና

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለችውን፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ ናኬ የተባለችውን መኪና በረሓውንና ገደሉን አሳልፈው አዲስ አበባ አድርሰዋል። በዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ዕድሜ ከ60 ዓመት አልፎ ነበር። እንግዲህ በአገራችን የመኪና ታሪክ ሲከፈት የዕድሜ ጥያቄ ከቶ አልተነሣም፤ መኪናዋን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ በቂ ነበር።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ሕጉ ገና መንገድ በመፈለግ ላይ ነበር። በፓሪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣው የፖሊስ ሥርዓት ነጂው ችሎታውን የሚያስረዳ ምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። እንግሊዝ ግን በ1903 ባወጣችው የሞተር መኪና ሕግ መኪና ለሚነዳ ሰው የ17 ዓመት፣ ሞተር ብስክሌት ለሚነዳ ደግሞ የ14 ዓመት ዕድሜ ስትወስን የመንዳት ፈተና አልጨመረችም። ፈተናው ግዴታ የሆነው፣ ለማጁም የለማጅነቱን ምልክት በመኪናው ላይ እንዲለጥፍ የታዘዘው በ1935 ነው። ስለዚህ ከ30 ዓመት በላይ እንግሊዛዊው ነጂ የሚጠየቀው ዕድሜውን እንጂ ችሎታውን አልነበረም። ከሁለቱ አገሮች ታሪክ እንደምንረዳው ዕድሜና ችሎታ ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም።

የረዳት ትምህርት ቤት

በአገራችን የመኪና ሙያ በሰፊው የተዛመተው ከኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተሠሩት መንገዶች ጋር ነው። ለዚህም ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጋቢና የምንላቸው ቃላት ከኢጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ በየዓመቱ በመስተዋት ላይ የሚለጠፈው ቦሎም እንዲሁ። እነዚህን ቃላት ለባላገሩ ልጅ ያስተማረው መጽሐፍ ወይም መምህር አልነበረም። ያስተማረው ሾፌሩ ነው።

ከነጻነት በኋላ ለብዙ አሠርት ዓመታት የኢትዮጵያ ሾፌር የተገኘው ከረዳትነት ነው። ረዳቱ በመጀመሪያ መኪና ያጥባል፤ ጭነት ያስራል፤ አቀበት ላይ መኪናው ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ ይወሽቃል። ቀጥሎ ጎማ መፍታትና ማሰር፣ ዘይትና ውኃ መለካት፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን መለየት ይለምዳል። መሪውን የሚያገኘው በመጨረሻ ነው፤ እርሱም ጭነት በሌለበት፣ መንገዱም ጭር ባለበት ሰዓት፣ ሾፌሩ ከጎኑ ተቀምጦ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚቈጠር ዕድሜ አልነበረም። የሾፌሩ ዓይን ልጁን መዝኖ «ይበቃል» እስኪል ድረስ ይጠበቃል።

ይህ አሠራር ለፎገራ ገበሬ እንግዳ አልነበረም። በፎገራ ሜዳ ልጅ በመጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፤ ከዚያ ስሙ በገነነው የፎገራ ከብት ላይ እረኛ ይሆናል፤ ሞፈር የሚጨብጠው ጉልበቱና ልቡ ሲጸና ነው። ዓመቱን ቈጥሮ «ዛሬ ዕርፍ ያዝ» የሚለው የለም። አባት ከኋላው እየተከተለ ትልሙ ሲጣመም ያቀናለታል። ይሁን እንጂ በእርሻና በመኪና መካከል ሕግ አውጪው ሊዘለው የማይችል ልዩነት አለ። የተጣመመ ትልም በማግሥቱ ይታረሳል። የተጣመመ መሪ የሚያጠፋው ግን የለማጁን ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚሄደውን የሌላ ሰው ሕይወት ነው። የሾፌሩ ዓይን ብቻውን በቂ ሚዛን ያልሆነውና መንግሥት በመካከል መግባት የነበረበት በዚህ ምክንያት ነው።

የደረጃው መሰላል

በ1930ዎቹ አጋማሽ የወጣው የትራንስፖርት አዋጅ ለዚህ ሥራ መሠረት ጣለ። ከእርሱ በመነጨ ሥልጣን የወጣው፣ በ1956 ዓ.ም. ቁጥር 279 ሆኖ የታወቀው ደንብ ደግሞ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የትራፊክ ሥርዓት መመሪያ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተዛወረች። የ20 ዓመት ልምድ ያለው ሾፌር በዚያ ዕለት ከትናንት ረዳቱ ጋር እኩል ለማጅ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የለመደውን እጁን እንደ ገና ማስተማር ነበረበትና።

በዚያ ዘመን ከነበረው አሠራር በሕዝቡ አእምሮ ጸንቶ የቀረው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ ነው። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የተቈጠረው ይህ መሰላል ከሞተር ብስክሌት ተነሥቶ፣ በቤት መኪና በኩል አልፎ፣ ተሳቢ እስከሚጐትተው ከባድ መኪና ይደርስ ነበር። «አምስተኛ አለው» ማለት ስለ አንድ ሾፌር የሚነገር የክብር ቃል ሆኖ ነበር። የመሰላሉ ጥበብ ግልጽ ነው፤ የተሽከርካሪው ክብደትና የተሳፋሪው ቍጥር ባደገ መጠን ከነጂው የሚጠየቀው ብስለትና ልምድም አብሮ ማደግ አለበት። ልምድ የሚገኘው በዓመታት ስለ ሆነ፣ መሰላሉ ሳይናገረው የዕድሜ ሕግም ጭምር ነበር።

የቻይና መንገድና የሁለት ዓይነት ለማጅ

ይህ የመሰላል ጥበብ ለወረታ በተለይ ያስፈለገው ከ1960ዎቹ ማገባደጃ ወዲህ ነው። ኢትዮጵያና ቻይና እ.ኤ.አ. በ1970 የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሥርተው፣ በማግሥቱ ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፔኪንግን ከጐበኙ በኋላ፣ በቻይና ርዳታ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ የወረታ–ወልድያ መንገድ ሆነ። ሥራው በደርግ ዘመን ተካሄደ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ጠጠር መንገድ ጎጃምንና ጎንደርን ከወሎ ጋር በቀጥታ አገናኘ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል።

ከዚህ በኋላ ወረታ ለነጂ ሁለት ፊት ያላት ከተማ ሆነች። በአንድ ወገን ቀጥ ያለው የሜዳው መንገድ አለ። ዳገት የለውም፣ ጠመዝማዛ አይበዛበትም፤ መሪ ለመልመድ ይመቻል፤ ነገር ግን ፍጥነትን ይጋብዛል። በሌላው ወገን መንገዱ ከዓለም በር ጀምሮ ይወጣና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጉናን በጐኑ ትቶ፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ፣ በድልብ ቍልቍለት ወደ ወልድያ ይወርዳል። በሜዳው ላይ የለመደ ወጣት መሪ መያዝን ያውቃል፤ በማርሽ መውረድን ግን አያውቅም። በድልብ ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ነጂ ፍሬኑ ሲግል ምን እንደሚገጥመው የቀድሞው ረዳት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በዓይኑ ያየው ነገር ነበር። ዕድሜው 18 የሞላ ሁለት ወጣት በወረታ ቢገኝ፣ አንዱ በሜዳው ብቻ፣ ሌላው በደጋውም የለመደ ቢሆን፣ በሕጉ ቍጥር እኩል ቢሆኑም በመንገዱ ፊት እኩል አይደሉም።

የሜዳው መንገድም ቢሆን የራሱ ፈተና አለው። የፎገራ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይዞ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ያለ ጎርፍ ሲመጣማ መንደሩ ሁሉ ይዋጣል። በእንዲህ ያለው ወቅት ከፍ ብሎ የተሠራው አውራ ጎዳና ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለጋሪም ደረቅ መሄጃ ይሆናል። እረኛው፣ ተማሪው፣ ገበያተኛዋ ሁሉ የሚጓዙት በአንድ አስፋልት ጠርዝ ላይ ነው። ለማጅ ነጂ በዚህ ስፍራ ሊማር የሚገባው ዋና ነገር ከመንገዱ ጋር የተጠጋውን ሰው አስቀድሞ ማየትና ፍጥነት መቀነስ ነው። ይህንንም ቀጥ ያለው መንገድ አያስተምረውም፤ የሚያስተምረው ከጐኑ የተቀመጠ ሰው ነው።

ዕድሜ በምን ይታወቃል?

ሕግ ዝቅተኛ ዕድሜ ሲወስን፣ ዕድሜ የሚታወቅበት መንገድ አለ ብሎ ተነሥቶ ነው። በአገራችን ግን ይህ መነሻ ለረጅም ጊዜ ጐደሎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 198 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ብሎ ወሰነ። ይኸው ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲያዝ በዝርዝር ደነገገ። ሆኖም በቁጥር 3361 የክብር መዝገብ ድንጋጌዎቹ በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀኑ እስኪነገር ድረስ እንዳይሠራባቸው ተደረገ። ቀኑም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይነገር ቀረ።

ውጤቱ በቀላሉ ይገመታል። የፎገራ እናት የልጅዋን ልደት የምታስታውሰው በጎርፉ ዓመት፣ በመኸሩ ዓመት፣ ወይም በዚያ በዓል ሰሞን እያለች ነው። ለሕግ ሲባል ይህ ትዝታ ወደ ቍጥር መለወጥ አለበት። ማስረጃው የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም የምስክሮች ቃል ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ልደቱ በተፈጸመበት ቀን የተጻፉ ስላልሆኑ፣ ወጣቱ በሚያስፈልገው በኩል መዘንበል ይችላሉ። ወደ ሥራ የሚቸኩለው ዕድሜውን ይጨምራል፤ በወንጀል የተከሰሰው ይቀንሳል። አንድ ወጣት ፈቃድ ሲያወጣ 18 ዓመት፣ በፍርድ ቤት ሲቆም ግን 17 ዓመት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ስሌት ማንም ሊሠራው ይችላል። በዚያ ዓመት ተወልዶ ወዲያው የተመዘገበ ሕፃን 18 ዓመት የሚሞላው በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ፈቃድ ለማውጣት የሚቀርበው አብዛኛው ወጣት ዕድሜው በልደቱ ጊዜ ያልተጻፈ፣ ኋላ የተነገረ ነው። ይህ ጕድለት የሕጉን ቍጥር በመለወጥ አይሞላም። ዝቅተኛው ዕድሜ ወደ 20 ቢወጣ እንኳ፣ 18ን ያስመሰለው ምስክር 20ንም ማስመሰል አያቅተውም።

ከመናኸሪያ ወደ ማሠልጠኛ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600 የአምስቱን ደረጃ መሰላል በተሽከርካሪ ዓይነት በተከፈለ ምድብ ተካው። ሥልጠናውም ፈቃድ ባላቸው ማሠልጠኛ ተቋማት እንዲሰጥ አደረገ። ይህን አዋጅ የተካው በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ነው። በእነዚህ ሕጎች የዕድሜ ወለሉ 18 ዓመት ሲሆን፣ ብዙ ሰው ወይም ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ ነጂ የሚጠየቀው ዕድሜ ከዚያ ከፍ ይላል። የትምህርት ደረጃና የጤና ምርመራም ከመመዘኛዎቹ መካከል ናቸው። 18 ዓመት በዓለም አቀፍ ደረጃም የታወቀ ወለል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ከአገር ወደ አገር ለሚነዳ ሰው የወሰነው ይህንኑ ነው።

አዲሱ ሥርዓት ብዙ ነገር አሻሽሏል። የመንገድ ምልክቶችን ማንበብ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና መውሰድ፣ የሕጉን ምክንያት ማወቅ ቀድሞ ለረዳቱ ያልተሰጡት ትምህርቶች ናቸው። ረዳቱ ከሾፌሩ ጥበቡን ብቻ ሳይሆን ጥፋቱንም ይወርስ ነበር፤ ሾፌሩ ሌሊት ያለ ዕረፍት የሚነዳ ከሆነ ረዳቱም ይህን እንደ ጀግንነት ቈጥሮ ያድግ ነበር። በዚሁ መጠን ግን የጠፋ ነገር አለ። በማሠልጠኛው ግቢ ታኮ የሚወሽቅበት ዳገት፣ ጭነት የከበደው መኪና፣ በጭጋግ የተሸፈነ የጉና መንገድ የለም። የቀድሞው ረዳት ዓመታት የፈጀበትን ዕውቀት ዛሬ ሠልጣኙ በጥቂት ሳምንታት ሰዓት ቈጥሮ እንዲያገኘው ይጠበቃል።

የባጃጁ ዘመን

ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ መጥታ የወረታን ውስጥ ለውስጥ ጉዞ ከጋሪ በተረከበች ጊዜ ጥያቄው አዲስ ክብደት አገኘ። በፎገራ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የሩዝ እርሻ ሜዳውን ወደ ገበያ ሰብል ለውጦታል፤ በከተማዋም የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተበራክተዋል። መሬት ግን አልጨመረም። ከአባቱ ማሳ ድርሻ ለማይደርሰው ወጣት ባጃጅ የመጀመሪያው የሥራ በር ሆነች። ባለ ንብረቱ ብዙውን ጊዜ ነጂው ራሱ አይደለም፤ ባጃጁን ገዝቶ በቀን ገቢ ለወጣት የሚሰጥ ሌላ ሰው ነው። በቀን ገቢ የሚሰጥ ባለ ንብረት ደግሞ ርካሽ ነጂ ይፈልጋል፤ ርካሽ የሚሆነውም ዕድሜው ያልደረሰው ነው።

በዚህ ቦታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ሊታወስ ይገባዋል። ይህ ድንጋጌ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለ ንብረቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ሲነዳው ጉዳቱ ቢደርስም እንኳ፣ ባለ ንብረቱ ተሽከርካሪው ተሰርቆ እንደ ነበር ካላስረዳ በቀር ከኃላፊነት አያመልጥም። ስለዚህ ለ16 ዓመት ልጅ ቍልፍ የሚሰጥ ባለ ንብረት አደጋውንም አብሮ ይገዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 14 አድርጎት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ 15 ከፍ አደረገው። ወጣት ሠራተኛ፣ ማለትም 18 ዓመት ያልሞላው፣ ከባድ ማንሳትና መግፋት ባለበት የማጓጓዣ ሥራ እንዳይሠማራ መከልከሉ አልቀረም። የጥንቱ የረዳትነት መንገድ በልጅነት የሚጀመር ስለ ነበር፣ ይህ ክልከላ ያንን በር በሕግ ዘግቶታል ማለት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሕጉ የሚጠብቀው ነጂውን ራሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2023 ባወጣቸው ሪፖርቶች እንዳመለከተው ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉት ሰዎች ከሁሉ የበለጠው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ዕድሜው ሳይደርስ መሪ የተሰጠው ልጅና በመንገዱ ጠርዝ ከብት የሚነዳው እረኛ ሁለቱም የሚገኙት በዚህ የዕድሜ ክልል ውስጥ ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚጠየቀው ወጣት ነው፤ ቍልፉን የሰጠው ጐልማሳ ግን ብዙ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ስሙ አይገኝም።

ለባልደረቦች የሚቀርብ ሐሳብ

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ያስተሳስራል፤ እነርሱም የታወቀ ዕድሜ፣ የተመሠከረ ችሎታና ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ነጻነት ናቸው። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ለወጣት ነጂዎች ነጻነቱን በየደረጃው የሚለቅ ፈቃድ ስትጀምር፣ ለማጁ በመጀመሪያ ልምድ ያለው ሰው ከጐኑ ይዞ፣ ቀጥሎ የሌሊት ጉዞና ተሳፋሪ ተገድቦበት፣ በመጨረሻ ሙሉ ፈቃድ እንዲያገኝ አደረገች። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ሾፌር ፍጹም ባዕድ አይደለም። የቀድሞው ረዳት ጭነት በሌለበት፣ በጭር ሰዓት፣ ሾፌሩ ከጐኑ እያለ የተለማመደው ይህንኑ ነበር፤ የጐደለው የሕግ መልክ፣ የዕድሜ ወለልና የመንግሥት ፈተና ነው።

የቀበሌው መዝጋቢ በልደት ቀን የሚጽፈው ቍጥር ከ18 ዓመት በኋላ በመንገድ ላይ ሕይወት ያድናል። አሠልጣኙ ሠልጣኙን ከሜዳው አንሥቶ እስከ ዓለም በር ዳገት ቢያወጣው፣ በማርሽ ማውረድንም ቢያስተምረው፣ ፈተናው ያልጠየቀውን ዕውቀት ይሰጠዋል። ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ ዕድሜው ባልደረሰ ልጅ እጅ የደረሰ አደጋ ሲቀርብላቸው ባለ ንብረቱን ከጠየቁ፣ የቁጥር 2081 ትእዛዝ በየመናኸሪያው የታወቀ ይሆናል። የወረታ መገናኛ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጣራው የዛሬ ልጅ ነገ መሪ መጨበጡ አይቀርም። እስከዚያ ያሉትን ዓመታት እንዲጠብቅ ማድረግና የሚጠብቅበትን ጊዜ በትምህርት መሙላት የሁሉም ባልደረባ ድርሻ ነው።